ጀልባ ሎጎ ሐይቅ ላይ ታስራ ስትከርም፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቹ የተላኩት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሎጎ አጠገብ ካለችው ከሐይቅ ከተማ ነው። ሁሉም የሚመለከቱት መኝታና ሞተር ያላትን፣ ስድስት ሰባት ሜትር የምትረዝም ጀልባ ነው። የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ማታ ወደ ዳር ተጎትታ ስለምታድር ይህ ሁሉ ጣጣ የለባትም።

ጋሼ፣ ክረምቱን ውሃው ላይ ልተዋት ወይስ ላውጣት? (ከደሴ)

በየሳምንቱ የሚያያት ሰው ካለህ ትክረም። ከሌለህ አውጣት። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ቅርብ ይመስላል፤ ሐምሌ ላይ ሌሊቱን ሲያወርደው ግን ከአልጋህ ተነስተህ አትመጣም።

ሰው ሁሉ ሞገድ ይፈራል። እኔ የምፈራው ዝናቡን ነው። ሒሳቡን ልንገርህ፦ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ውሃ ነው። የጀልባህ ክፍት ቦታ 6 ካሬ ሜትር ቢሆንና በአንድ ሌሊት 50 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ 300 ሊትር፣ ማለትም 300 ኪሎ ተጫነባት። ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ውሃውም ወደዚያው ይሸሻል፤ ኋላዋ ዝቅ ሲል ትንሹ ሞገድ በጠርዙ ይገባል። ከዚያ ወዲያ መስመጧ ጊዜ አይፈጅም። ስለዚህ ሸራ ወጥርባት፤ መሃሉን በእንጨት ከፍ አድርገው። ረግቦ ውሃ የሚያቁር ሸራ ራሱ ሸክም ነው። ጀልባዋን ትተህ ስትሄድም ከውጭ ውሃ የሚያስገቡትን ቧንቧዎች ሁሉ ዝጋ።

በራሱ ተነስቶ ውሃውን ወደ ውጭ የሚያወጣ ፓምፕ አስገጥሜያለሁ፤ አይበቃም? (ከኮምቦልቻ)

ፓምፑ መልካም ነው፤ ነገር ግን ዕድሜው የባትሪው ዕድሜ ነው፣ እህቴ። ሶላር ቢኖርሽም ደመናው ሳምንት ሲሰነብት አትተማመኚበት። ደግሞ ዝም ብሎ የሚሠራ ፓምፕ ቀዳዳን ይደብቃል፦ ጀልባዋ በየቀኑ እያፈሰሰች አንቺ ደረቅ ወለል አይተሽ ትመለሻለሽ። ዝናብ በሌለበት ሳምንት ፓምፑን አጥፍተሽ፣ ሰው እየጠበቃት አሳድሪያትና ጠዋት ውሃውን እዪ።

200 ኪሎ ኮንክሪት አፍስሼ መልህቅ ላደርገው ነው፤ ይይዛል? (ከሐይቅ)

እርስዎ 200 ይበሉት እንጂ ሐይቁ 200 አይለውም። ኮንክሪት ውሃ ውስጥ ከክብደቱ 40 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ የሚቀርልዎት 120 ኪሎ ገደማ ነው። ብረት ግን የሚያጣው 13 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ አሮጌ ብረት ካገኙ ይሻላል። አሮጌ የሞተር አካል ግን ዘይቱ ሳይጸዳ አይጣሉብን።

ክብደቱ ደግሞ ግማሹ ጉዳይ ነው። ጀልባዋ ክብደቱን ወደ ላይ ከሳበችው ይነሳል፣ ወደ ጎን ከሳበችው ግን ይቆያል። ስለዚህ ከታች ከባድ ሰንሰለት፣ ከላይ ገመድ ይሁን፤ ጠቅላላው ርዝመት የውሃውን ጥልቀት ሦስት እጥፍ ይሙላ። ጥልቀቱንም በመስከረም ይለኩት፤ በግንቦት የለኩ ሰዎች ክረምት ሲሞላ ገመዳቸው ያጥርባቸዋል። ጀልባዋ በነፋስ ስትዞር ሰንሰለቱ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር ማያያዣ ያስገቡ፤ የማያያዣዎቹን ብሎን በሽቦ ይጠፍሩት፣ አለበለዚያ በራሱ ይፈታል። ገመዱ የጀልባዋን ጠርዝ በሚነካበት ቦታ ቆዳ ወይም የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ያልብሱት። እኔ ያየኋቸው አምልጠው የሄዱ ጀልባዎች ብዙዎቹ መልህቃቸው ሳይነቃነቅ ገመዳቸው እዚያች ቦታ ላይ ተበልቶ ነው።

የገበያው ቢጫ የፕላስቲክ ገመድ ይሆናል?

አይሆንም። ወደ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን፤ ፀሐዩ ያደርቀዋል፣ ሲነካ ይፈረፈራል። ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍም በሚሽከረከረው የሞተሩ ክንፍ ላይ ይጠመጠማል። ናይለን ይግዙ፤ ሲሳብ ስለሚለጠጥ ድንገተኛውን ጉተታ ያበርደዋል።

ሞተሬ 30 የፈረስ ጉልበት ነው ተብሎ ነበር፤ ተታለልኩ?

አልተታለልክም። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ 24 ካገኘህ እሰየው።

ጀልባዋ ከጅቡቲ የመጣች ናት፤ ሞተሩ ላይ ያለው ዚንክ አዲስ መሰለኝ፤ ልተወው?

አዲስ የመሰለህ ሥራ ስላቆመ ነው። ይህ ብረት የሚታሰረው በሞተሩ ፈንታ ውሃው እሱን እንዲበላው ነው። ዚንክ ለጨው ውሃ ነው፤ በጨው አልባ ውሃ ቅርፊት ያበጅና ይተኛል፣ ያን ጊዜ የሚበላው ሞተሩ ነው። ማግኒዚየም ለውጥበት። ወደ ባሕር ከመለስካት ደግሞ ማግኒዚየሙን አውጣው፤ በጨው ውሃ ቶሎ ያልቃል።

አረንጓዴው አልጌ እንዳይዛት የመዳብ ቀለም ልቀባት?

እባክዎ አይቀቡ፤ መዳቡ ለውሃው ፍጥረት መርዝ ነው። ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም፤ የአንከርከሃ ወንዝ ከአርድቦ ሐይቅ ያመጣው እዚሁ ይቀራል፣ እርስዎ የጣሉትም እዚሁ ይቀራል። ዓሣውን ደግሞ እንበላዋለን። በወር አንዴ በብሩሽ ይጥረጓት። ጀልባዋ ውስጥ የተጠራቀመው ውሃ ዘይት ከነካውም ዘይቱን በጨርቅ አስመጥጠው ወደ ቤት ይዘውት ይሂዱ።

ማን ይጠብቃት?

ጠዋት ጠዋት የሚወጡትን ዓሣ አጥማጆች አነጋግሩ፤ የሚገባቸውን ክፈሉ። ገንዘቡን ብቻ ሰጥታችሁ አትሂዱ፤ የእጅ ፓምፑ የት እንዳለና ሸራው በየት በኩል እንደሚፈታ አሳዩአቸው።