ፈተናውን መቶ ከመቶ አመጣሁ፣ ካርቶኑ ፊት ግን ደርቄ ቀረሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኤርፖርት ውስጥ ካርጎ ተቀባይ ነኝ። ድሮ የዴንጀረስ ጉድስ (የአደገኛ ዕቃ) ስልጠናን ክላስ ገብተን ነበር የምንወስደው፣ አሁን መስሪያ ቤታችን ሁሉንም ኦንላይን አድርጎታል። ባለፈው ከማታ ሺፍት ወጥቼ ቤቴ ቁጭ ብዬ ኔክስት ኔክስት እያልኩ ጨረስኩት፣ ፈተናውንም መቶ ከመቶ አመጣሁ። በሳምንቱ አንድ ካርቶን መጣ፣ ጥጉ ረጥቧል፣ ወረቀቱ «የመኪና ዕቃ» ይላል፣ ከኋላ ወረፋ አለ፣ ላኪው ደግሞ ቶሎ በል እያለ ያዋክበኛል። ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። ጓደኛዬ መጥቶ ባያስቆመው ኖሮ አሳልፌው ነበር። ችግሩ እኔ ጋ ነው ወይስ ስልጠናው ጋ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ መጀመሪያ ይሄን ደፍረህ ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ፣ አብዛኛው ሰው እንደዚህ ዓይነት ነገር ሲደርስበት ዝም ብሎ ነው የሚያልፈው። ችግሩ አንተ ጋ አይደለም። ትምህርቱን አውቀኸዋል፣ ውጤትህም ይመሰክራል። ግን ልብ በል፣ ስክሪኑ ላይ ጥያቄው ጥያቄ መሆኑን ራሱ ይነግርሃል፣ «የሚከተለው ካርቶን እየፈሰሰ ነው፣ ምን ታደርጋለህ» ይልና አራት ምርጫ ይደረድርልሃል። ሥራ ላይ ግን አሁን ተጠየቅክ ብሎ የሚነግርህ የለም። ካርቶኑ ዝም ብሎ ይመጣል፣ ሰውየው ይጮሃል፣ ወረፋው ይገፋሃል፣ አንተ ደግሞ ይሄ ነገር ጥያቄ ነው ብለህ መጀመሪያ ማየት አለብህ። ይሄንን ማየት የሚለመደው በመልመድ ብቻ ነው።

«የመኪና ዕቃ» የሚለው ቃል ራሱ እኮ ሊያስቆምህ ይገባ ነበር። የመኪና ዕቃ ውስጥ ኤርባግ ሊኖር ይችላል፣ ባትሪ ሊኖር ይችላል፣ ነዳጅ ያልደረቀበት ካርቡሬተር ሊኖር ይችላል፣ ሁሉም አደገኛ ዕቃ ነው። ላኪው ሊያታልልህ ፈልጎ ላይሆን ይችላል፣ በቃ ስለማያውቅ ነው።

እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1996 ከማያሚ የተነሳው የአሜሪካው አየር መንገድ የቫሉጄት በረራ 592 በጭነት ክፍሉ እሳት ተነስቶበት ብዙም ሳይቆይ ኤቨርግሌድስ ረግረግ ውስጥ ወደቀና ተሳፍረው የነበሩት 110 ሰዎች በሙሉ አለቁ። መነሻው ምን ነበር? 5 ካርቶን። ውስጣቸው ጊዜያቸው ያለፈ የኦክስጅን ጀነሬተሮች ነበሩ፣ ለተሳፋሪ መተንፈሻ ኦክስጅን የሚያመነጩና ሲነሱ በጣም የሚግሉ ዕቃዎች ናቸው፣ መከላከያ ክዳን ያልተደረገላቸው፣ ወረቀቱ ላይ ግን «ባዶ» ተብሎ ነው የተጻፈው። ከጥገና ጀምሮ እስከ መጫኛው ድረስ በብዙ እጅ አለፉ፣ አንዱም እጅ ቆይ አላለም። ይሄን ታሪክ በየክላሱ የምናገረው ሰው ለማስፈራራት አይደለም፣ እዛ ሰንሰለት ውስጥ ያንተ ዓይነት አንድ ካርጎ ተቀባይ ቆይ ቢል ምን ይሆን ነበር ብለው እንዲያስቡ ነው።

እኔ ሳሰለጥን የማደርገውን ልንገርህ። ባዶ ካርቶን አንስቼ ጥጉን በውኃ አርሰዋለሁ፣ ከዛ አንዱን ሰልጣኝ ላኪ አደርገውና ሌላውን እንዲያጣድፈው እነግረዋለሁ። መጀመሪያ ላይ ሁሉም ይስቃሉ። በሁለተኛው ዙር ግን ሳቁ ይቆማል፣ ምክንያቱም ተቀባይ የሆነው ልጅ «ይቅርታ፣ ይሄ ሳይጣራ አያልፍም» የምትለዋን አጭር ዓረፍተ ነገር ለማውጣት አፉ እንዴት እንደሚከብደው ሁሉም ያየዋል። አንተም ከዛ ጓደኛህ ጋ እረፍት ላይ አሥር ደቂቃ እንደዚህ ሞክሩት። ዓረፍተ ነገሯን ድምፅህን አውጥተህ በላት፣ በሆድህ አይደለም። ከዛ ቀጥሎ ያለውን ታውቀዋለህ፦ ካርቶኑን አትክፈት፣ አታንቀሳቅሰው፣ ሰው አርቅ፣ ሱፐርቫይዘር ጥራ። አለቃህንም በግልጽ ጠይቀው፣ ምክንያቱም ከእ.ኤ.አ. 2023 መጀመሪያ ጀምሮ የኢካኦ (የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) የዴንጀረስ ጉድስ ሕግ የሚጠይቀው ኮርሱን መጨረስህን ብቻ ሳይሆን የተመደብክበትን ሥራ በብቃት መሥራት መቻልህ እንዲረጋገጥ ነው። የተግባር ልምምድ ስትጠይቅ ውለታ እየለመንክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ ኤርፖርት ውስጥ ሥራ ማግኘት እፈልጋለሁ። ኢንተርኔት ላይ የዴንጀረስ ጉድስ ኮርስ ከፍለሽ በሁለት ቀን ሰርተፍኬት ትወስጃለሽ የሚል አየሁ። ይጠቅመኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ለዕውቀት ብለሽ ከሆነ ተማሪው፣ 9ኙን የአደገኛ ዕቃ ክፍሎች አውቀሽ ኢንተርቪው መግባት ጥሩ ነው። ሰርተፍኬቱ ሥራ ያስገባኛል ብለሽ ከሆነ ግን ገንዘብሽን ያዢ። ኃላፊነቱ የቀጣሪው ነው፣ ሲቀጥርሽ ለምትሠሪው ሥራ ራሱ ማሰልጠን ወይም ያለሽን ስልጠና ማረጋገጥ አለበት፣ በየ24 ወሩም ይታደሳል፣ መዝገቡንም ቢያንስ ለ36 ወር ማስቀመጥ ግዴታው ነው። ከፍለሽ ያመጣሽው ወረቀት ይሄን ሁሉ አይተካም። ኮርሱን የሚሸጡት ሰዎች ይሄን ሳይነግሩ ሲቀሩ ያናድደኛል፣ ሥራ ፈላጊ ልጆች ናቸው የሚከፍሉት።

ጥያቄ፦ የስልጠና ክፍል አስተባባሪ ነኝ። ኃላፊዬ ወጪ ለመቀነስ የካቢን ክሩ (የበረራ አስተናጋጆች) እና የግራውንድ ሠራተኞች ስልጠና በሙሉ ኦንላይን ይሁን ይላሉ። እኔ ልቤ አልተቀበለውም ግን መከራከሪያ የለኝም። ምን ልበላቸው?

መልስ፦ ኦንላይኑን ባይቃወሙ ይሻላል፣ ግማሹ ትምህርት በእርግጥም እዛ ነው ያለበት። ሕጉ፣ ትርጉሙ፣ ምልክቱ፣ በየዓመቱ የሚለወጠው የአያታ (የዓለም አቀፉ የአየር መንገዶች ማኅበር) ደንብ፣ ይሄን ሁሉ ሰው በራሱ ፍጥነት ቢያነበው ያልገባውን መልሶ ያየዋል፣ የሌሊት ሺፍት ያደረ ሠራተኛም ጠዋት ክላስ ውስጥ እያንቀላፋ ከሚሰማ ተኝቶ ተነስቶ ቢማር ይበልጣል። ክላስ ስለሆነ ብቻ ጥሩ ነው ማለትም አይደለም። ስምንት ሰዓት ሙሉ ስላይድ የሚያነብ ኢንስትራክተር ከማንኛውም ቪዲዮ የባሰ ነው፣ እንደዛ ዓይነት ክላስ ቢቀር እኔም አላዝንም።

በእጅ፣ በአፍና በቡድን የሚሠራ ነገር ግን ወደ ስክሪን አይሄድም። ለኃላፊዎ ቶኪዮ ሃኔዳ ኤርፖርት የሆነውን ይንገሯቸው። ጃንዋሪ 2 ቀን 2024 የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ማኮብኮቢያው ላይ ከሌላ አውሮፕላን ጋ ተጋጭቶ እየነደደ ቆመ። የድምፅ ማጉያው አልሠራም። ከ8ቱ በሮች ሰው የወጣው በ3ቱ ብቻ ነው፣ ክሩዎቹ የትኛው በር ይከፈታል የትኛው ጋ እሳት አለ እያሉ በመስኮት አይተው መወሰን ነበረባቸው፣ በሜጋፎንና በባዶ ጉሮሮ ጮኸው 379ኙንም ሰው በሕይወት አወጡ። እስቲ ያስቡት፣ ያን ጩኸት ማን በክሊክ ይማረዋል? ሰልጣኞች መጀመሪያ «ሻንጣ ተዉ፣ በዚህ ውጡ» በሉ ሲባሉ ድምፃቸው ሹክሹክታ ነው የሚሆነው፣ ያፍራሉ፣ ዙሪያቸውን ያያሉ፣ በአራተኛው በአምስተኛው ሙከራ ነው ድምፁ ከሆድ የሚወጣው። ለዛ ክፍል ያስፈልጋል፣ ሌላ ሰው ያስፈልጋል፣ በሩን በእጁ የሚጎትትበት ማሳያ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው መከራከሪያ ከባድ ስለሆነ በጥንቃቄ ነው የማነሳው። ከድሮው ቦይንግ 737 አውሮፕላን ወደ 737 ማክስ የተዛወሩ ፓይለቶች የተሰጣቸው ስልጠና አጭር የኮምፒውተር ኮርስ ነበር፣ ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያለማምድ ማሽን) አልተጠየቀም፣ ኮርሱ ውስጥም ኤምካስ ስለሚባለው፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ በራሱ ወደ ታች ስለሚያወርደው ሲስተም አንድም ቃል አልነበረም። በ2018 ኦክቶበርና በ2019 ማርች በደረሱት፣ ከዚሁ ሲስተም ጋ በተያያዙት ሁለት የማክስ አደጋዎች 346 ሰው ሞተ። ጥፋቱ የኮምፒውተር ኮርስ ብቻ ነው ማለቴ አይደለም፣ የአውሮፕላኑ ዲዛይን ራሱ ችግር ነበረበት። ግን ስክሪን የሚያስተምረው የተጫነበትን ብቻ ነው፣ «ይሄ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ» ብሎ እጁን የሚያወጣ ሰልጣኝና ሄጄ አጣርቼ እመጣለሁ የሚል ኢንስትራክተር እዛ ውስጥ የሉም። ኖቬምበር 2020 ላይ የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ አውሮፕላኑ ተመልሶ እንዲበር ሲፈቅድ ፓይለቶቹ ሲሙሌተር እንዲገቡ ግዴታ አደረገ።

ስለዚህ ኃላፊዎን ኦንላይን ወይስ ክላስ ብለው አይጠይቋቸው፣ የትኛው ይቅደም ብለው ይግቡ። ንባቡና ፈተናው ከክላሱ በፊት ኦንላይን ይለቅ፣ ያላለፈ ሰው ክላስ አይግባ፣ ክላሱ ደግሞ ስላይድ የማይከፈትበት የልምምድ ቀን ብቻ ይሁን። እንዲህ ሲሆን ሦስት ቀን የነበረው ወደ አንድ ቀን ሊወርድ ይችላል፣ ወጪ ቀነሰ ማለት ነው፣ ኃላፊዎ የፈለጉትም እሱን ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጨምሩበት፣ ውጤቱን በዛው ቀን አይለኩት። ከሁለት ወር በኋላ ሳይነግሩ ሥራው ቦታ ሄደው አንዱን ሠራተኛ ያቁሙና «አሁን እዚህ ጋ ጭስ ሸተተህ እንበል፣ አሳየኝ» ይበሉት። እጁ ወዴት እንደሚሄድ ይዩና ማስታወሻ ይያዙ፣ የሚቀጥለውን የክላስ ቀን ከዛ ማስታወሻ ተነስተው ያዘጋጁት።