ተጠባባቂ ወንበር ላይ ላላችሁ ልጆቼ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ደውላ አለቀሰችብኝ። አገር ቤት ነርስ ነበረች። እዚህ አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ኮሎምበስ ከመጣች ሁለት ዓመቷ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች፣ ገላ ታጥባለች፣ ታጎርሳለች። «እትዬ፣ የእኔ ተራ መቼ ነው የሚደርሰው?» አለችኝ። ስልኩን ስዘጋ ትዝ ያለኝ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ የ2014 የፉትቦል ቡድን ነው።

የእኛ ኳስ አይደለም፤ በእጅ የሚወረወረው ነው። ጨዋታውን የሚመራው ልጅ ኳተርባክ ይባላል። እሱ ከተበላሸ ሁሉም ይበላሻል። ያን ዓመት ዋናው ኳተርባክ ብራክስተን ሚለር ውድድሩ ሳይጀመር ትከሻው ተጎዳ። ጄቲ ባሬት ተተካ። በሁለተኛው ጨዋታ፣ ያውም በገዛ ሜዳቸው፣ በቨርጂኒያ ቴክ 35 ለ 21 ተሸነፉ። በማግስቱ መሥሪያ ቤታችን ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ማሸነፍ ያዙ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ከሚሺጋን ጋር ሲጫወቱ ደግሞ የባሬት ቁርጭምጭሚት ተሰበረ።

የቀረው ካርዴል ጆንስ ነበር። ከሁለቱ በኋላ ሦስተኛ ሆኖ ሲጠብቅ የቆየ ልጅ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ማታ ከዊስኮንሲን ጋር ተጋጠሙ። እኔ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። ግሉኮስ ልቀይር አንድ አዛውንት ክፍል ገባሁ። ቴሌቪዥኑ በርቷል። እጄን ያዝ አደረጉና «ቆይ፣ ይህን ልጅ እዪው። ከዛሬ በፊት አንድም ጨዋታ ጀምሮ አያውቅም» አሉኝ። ኳሷ ከእጁ ወጥታ ረጅም ስትበር፣ ሯጩ ከሥሯ ሲደርስ አየሁ። አዛውንቱ ትንፋሻቸው እያጠራቸው ሳቁ። 59 ለ 0 አለቀ። ቀጥሎ አላባማን 42 ለ 35፣ ጥር ላይ ኦሪገንን 42 ለ 20 አሸንፈው የአገሪቱን ዋንጫ ወሰዱ። ያን ዓመት ልጁ በቋሚነት የተሰለፈው በሦስት ጨዋታ ብቻ ነው፤ ሦስቱም እንዲህ ያሉ።

ሰው ዕድል ይለዋል። እኔ ግን የማስበው ማንም ያላየውን የማክሰኞና የረቡዕ ልምምድ ነው። ተጠባባቂም እኮ ያንኑ ስብሰባ ይቀመጣል፣ ያንኑ የጨዋታ ዕቅድ ያጠናል። ቅዳሜ እንደማይገባ እያወቀ ማጥናት እንዴት እንደሚከብድ አውቀዋለሁ። እኔ አልቻልኩበትም ነበር። ነርስ ሆኜ መጥቼ ረዳት ሲያደርጉኝ አኮረፍኩ። የነርስነት ፈቃድ ፈተና መጽሐፌን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ሁለት ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም። አንድ ቀን ክፍት የነርስ ቦታ አለ ተባለ፤ አለቃዬ ፈቃድ እንዳለኝ ስትጠይቀኝ አንገቴን ደፋሁ። የሚቆጨኝ ያ ነው እንጂ አልጋ ማንጠፌ አይደለም።

ካርዴልም ፍጹም ልጅ አልነበረም። በ2012 ገና አንደኛ ዓመት ሳለ፣ እኛ የመጣነው ፉትቦል ልንጫወት ነው፣ ትምህርቱ ምን ያደርግልናል የሚል ነገር ትዊተር ላይ ጻፈ። አገር ሳቀበት። ከዋንጫው በኋላ ግን ወደ ፕሮፌሽናል ይሄዳል ሲባል ትምህርቴን እቀጥላለሁ ብሎ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት ቦታውን መልሶ ለባሬት ለቀቀ። ይህንንም ልብ በሉልኝ፤ ተዘጋጅቶ መገኘት ቦታውን የዘላለም አያደርገውም። ዲግሪውን ግን በ2017 ወሰደ፤ እሱን የሚቀማው የለም።

ለልጅቱ መልሼ ደወልኩላት። ቅዳሜ ከሰዓት ትመጣለች። የመድኃኒት መጠን ስሌቱ ነው ያስቸገራት። ጨዋታው እስኪጀምር እሱን እንሠራለን፤ ቡናውን እኔ አፈላለሁ።