ከሞተሩ ጋር የሚያፏጭ ስፒከር፣ ሰኞ ጠዋት የማትነሳ መኪና

ጥያቄው የመጣው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከሚኖሩ አንድ አንባቢ ነው። የሚያሽከረክሩት ቶዮታ ያሪስ፣ ሁላችንም ቪትዝ የምንላትን መኪና ነው። ከጥቂት ወራት በፊት 1000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት አምፕሊፋየር (የድምፅ ማጉያ) እና ባለ 12 ኢንች ሰብዉፈር (ወፍራሙን የቤዝ ድምፅ የሚያወጣ ስፒከር) ከመርካቶ ገዝተው በሰፈራቸው አስገጥመዋል። ከዚያ ወዲህ ነዳጅ በሰጡ ቁጥር በስፒከሮቹ ውስጥ የሞተሩን ፍጥነት እየተከተለ የሚቀጥን ፉጨት ይሰማል፤ ቤዙ ሲመታ የፊት መብራቱ ይደበዝዛል፤ ቅዳሜ ማታ ያቆሟት መኪና ደግሞ ሰኞ ጠዋት አትነሳም። «የገጠመልኝ ልጅ ትልቅ ባትሪና ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ ለአፍታ የሚያከማች ዕቃ) ይግዙ ብሎኛል፤ ልግዛ?» ሲሉ ይጠይቃሉ። ከጥያቄው ጋር ሁለት ፎቶ የላኩ ሲሆን፣ የአምፕሊፋየሩ ቀይ መብራት ሌሊትም እንደማይጠፋ በመጨረሻ ላይ ጠቅሰዋል።

ወንድሜ፣ ለጊዜው ምንም ዓይነት ዕቃ እንዳይገዙ አደራ እላለሁ። የዘረዘሯቸው ሦስት ችግሮች በሙሉ የሚመነጩት ከገመድ አዘረጋጉና ከአያያዙ እንጂ ከባትሪው ማነስ አይመስለኝም፤ ባትሪውን ቢያሳድጉ የሰኞውን ችግር ወደ ማክሰኞ ከማስተላለፍ ያለፈ ጥቅም አያገኙም።

ምርመራው የሚጀመረው በአነጋገርዎ እንደ ትንሽ ነገር ካለፉት ከቀዩ መብራት ነው። አምፕሊፋየር ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣ ወፍራም የኃይል ገመድ፣ ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዝ ግራውንድ ወይም ማሳ፣ እንዲሁም «አሁን ተነሳ፣ አሁን ተኛ» የሚለው ሪሞት የሚባል ቀጭን ገመድ አለው። ይህ ቀጭን ገመድ መያያዝ ያለበት ከቴፑ (ከመኪናው ሬዲዮ) ጀርባ ከሚወጣው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰማያዊ ሆኖ ነጭ መስመር ካለበት ገመድ ጋር ነው። የእርስዎ ግን ሁልጊዜ ኃይል ካለው ገመድ ጋር ስለተያያዘ፣ ቁልፉን ቢነቅሉም አምፕሊፋየሩ አይተኛም። ሙዚቃ የማያጫውት ነገር ግን የነቃ አምፕሊፋየር አንድ አምፔር ያህል ይበላል እንበል። ቅዳሜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ሰኞ ማለዳ 12 ሰዓት 35 ሰዓት ነው፤ ይህም 35 አምፔር ሰዓት ማለት ነው። የእንዲህ ዓይነት ትንሽ መኪና ባትሪ ደግሞ በአብዛኛው ከ35 እስከ 45 አምፔር ሰዓት ቢይዝ ነው። ስለዚህ ባትሪዎ ጥፋት የለበትም፤ ቢበዛ ደጋግሞ ባዶ ስለቀረ ዕድሜው አጥሮ ይሆናል። ሪሞቱን ወደ ትክክለኛው ገመድ ካዛወሩ በኋላ ቴፑን ሲያጠፉ ቀዩ መብራት ወዲያውኑ ወይም በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት።

ይህን ለማስተካከል ቴፑ ከዳሽቦርዱ ሲወጣ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የባትሪውን ኔጋቲቭ አስቀድመው ይፍቱ። ከዚያም የመኪናው የራሱ ገመዶች ቀለም ከቴፑ ገመዶች ቀለም ጋር ይመሳሰላል ብለው አይገምቱ፤ በተለይ ቢጫ ሶኬትና ቢጫ ሽፋን ያለው ገመድ የኤርባግ ሊሆን ስለሚችል በቴስት ላምፕ እንኳ እንዳይነካ። የገመዶቹን ማንነት ለመለየት በመልቲሜትር መለካት ያስፈልጋል። (ቴፕ መቀየር ያስቡ እንደሆነ፣ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ አሮጌ ሬዲዮኖች ከ76 እስከ 90 ሜጋ ኸርዝ ብቻ ስለሚቀበሉ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1ን ወይም ሸገር 102.1ን በቀጥታ አያገኙም።)

ወደ መብራቱ መደብዘዝ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ አምፕሊፋየርዎ 1000 ዋት አለመሆኑን ማወቅ ይጠቅምዎታል። በላኩት ፎቶ ላይ ጎኑ ላይ የተሰካው ፊውዝ አንድ ባለ 30 አምፔር ነው። ሞተሩ ሲሠራ ያለው ቮልቴጅ 14 ያህል ስለሆነ፣ መሣሪያው ሳያቋርጥ ሊስበው የሚችለው 420 ዋት ገደማ ነው፤ ከዚያም ውስጥ እንደ አሠራሩ ከፊሉ ወደ ሙቀት ተለውጦ ለስፒከሩ የሚደርሰው ከ200 እስከ 300 ዋት ቢሆን ነው። ለትንሽ መኪና ይህ በቂ፣ እንዲያውም ጥሩ ኃይል ነው፤ ጤነኛ ዲናሞም ይሸከመዋል። ታዲያ መብራቱ ለምን ይደበዝዛል? አንዱ ተጠርጣሪ ኃይሉ መንገድ ላይ መጥፋቱ ነው።

ሁለተኛው ፎቶ የሚያሳየው ጥቁሩ የግራውንድ ገመድ ከተጠባባቂ ጎማው አጠገብ፣ ቀለም በተቀባ ላሜራ ላይ፣ በአንዲት ቀጭን ቪቴ ተይዞ ነው። የመኪና ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ 30 አምፔር እንዲያልፍ የተፈለገው በቪቴዋ ጥርሶች ጫፍ ብቻ ነው። በእኛ አካባቢ፣ ከቃሊቲ እስከ ገላን ባለው የከባድ መኪና መንገድና በየሰፈሩ ኮብልስቶን ላይ ዕለት ዕለት የሚንገጫገጭ መኪና እንዲህ ያለውን ቪቴ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ያላላዋል፤ አቧራውና እርጥበቱ ሲጨመር ደግሞ ዝገት ይይዛታል።

ችግሩ በእርግጥ ይህ መሆኑን ሳይገምቱ መለካት ይችላሉ። ሞተሩ እየሠራ፣ ሙዚቃው ድምፁ ከፍ ብሎ፣ መልቲሜትሩን በዲሲ ቮልት ላይ አድርገው አንዱን ጫፍ የአምፕሊፋየሩ ግራውንድ ቪቴ ላይ፣ ሌላውን በረዥም ገመድ አስቀጥለው የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ ያድርጉ። ከ0.1 እስከ 0.2 ቮልት ቢያነብ ደህና ነው፤ ግማሽ ቮልትና ከዚያ በላይ ካነበበ ግን ማሳው አልያዘም። በፖዘቲቩም በኩል፣ ከባትሪው ፖዘቲቭ እስከ አምፕሊፋየሩ ፖዘቲቭ፣ በዚሁ መንገድ ይለኩ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ ለኩ ከተባልኩ እኔ የምመርጠው የግራውንዱን ነው።

ግራውንዱን በትክክል ለመሥራት ከአምፕሊፋየሩ ከ50 ሳንቲ ሜትር የማይርቅ ወፍራም ላሜራ ይምረጡ፤ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ነጩ ብረት እስኪታይ ድረስ ይፋቁ፤ የገመዱን ጫፍ ክብ ቀዳዳ ባለው የመዳብ ተርሚናል በደንብ አስጨብጠው በቡሎንና በማይላላ ዳዶ ያጥብቁ፤ ከዚያ በላዩ ግራሶ ወይም ቀለም ይቀቡት። ለዚህ ሥራ የወንበር ቀበቶ የሚይዘውን ቡሎን ፈጽሞ እንዳይጠቀሙበት፤ ያ ቡሎን የሰው ሕይወት የሚይዝ ነው። ከኋላ ወንበር ሥር ያለውን ወለልም በድሪል እንዳይበሱ፤ በእንዲህ ዓይነት መኪኖች የነዳጅ ታንከሩ ያለው እዚያው ሥር ነው። ቪቴዋ ከላሜራው ማዶ ምን እንደምታገኝ ሳይታይ አንድም ቀዳዳ መከፈት የለበትም።

የኃይል ገመዱን በተመለከተ፣ ከፊት እስከ ኋላ 5 ሜትር ያህል ይሄዳል። ገመዱ ባለ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ቢሆን በ30 አምፔር 0.65 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ባለ 10 ካሬ ከሆነ ወደ ሩብ ቮልት ይወርዳል። ስለዚህ ከ10 ካሬ በታች አይሂዱ፤ 16 ካሬ ካገኙ የተሻለ ነው። ገበያው ላይ በሚያማምር ቀይ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚሸጠው ገመድ ብዙ ጊዜ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፤ አንዷን ክር መዝዘው በቢላ ሲፍቋት ውስጧ ብር ከመሰለ ያው እሱ ነው። ገመዱ የግድ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከመዳብ ያነሰ ስለሚያስተላልፍ አንድ ደረጃ ወፍራሙን መውሰድ ያስፈልጋል። እኔ በበኩሌ እውነተኛ መዳብ መሆኑን አረጋግጬ የብየዳ ማሽን ገመድ ብጠቀም እመርጣለሁ፤ ክሮቹ ደቃቅ ስለሆኑ በቀላሉ ይታጠፋል። ገመዱ ከሞተር ክፍል ወደ ውስጥ በሚገባበት ቀዳዳ የጎማ ቀለበት ይደረግለት። ከባትሪው ራስ በ45 ሳንቲ ሜትር ውስጥም ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ይቀመጥ። በላኩት ፎቶ ባትሪው አጠገብ ምንም ፊውዝ አላየሁም፤ አምፕሊፋየሩ ጎን ያለው ፊውዝ የሚጠብቀው አምፕሊፋየሩን እንጂ ገመዱን አይደለም። ያ ገመድ አንድ ቀን ተልጦ ላሜራ ቢነካ መኪናው ሊቃጠል ይችላል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ዛሬውኑ መሠራት ያለበት ይህ ነው።

አሁን ወደ ፉጨቱ እንሂድ። ግራውንዱ ሲስተካከል ብዙ ጊዜ አብሮ ይጠፋል፤ ካልጠፋ ምንጩን ደረጃ በደረጃ መፈለግ ይቻላል። ሞተሩ እየሠራ የቴፑን ድምፅ ዜሮ ያድርጉት። ፉጨቱም አብሮ ከጠፋ የሚገባው ከቴፑ በፊት ነው፤ ለምሳሌ ስልክዎን በሲጋራ መለኮሻው ቻርጀር እየሞሉ በኦክስ ገመድ ሲያዳምጡ የሚመጣ ነው፤ ቻርጀሩን ሲነቅሉት ያረጋግጣሉ። ድምፁ ዜሮ ሆኖም ፉጨቱ እንዳለ ከቀጠለ የሚገባው ከቴፑ በኋላ ነው። በዚህ ጊዜ ሁሉንም አጥፍተው የአርሲኤ ገመዶቹን (ድምፁን ከቴፑ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚያደርሱትን) ከአምፕሊፋየሩ ይንቀሉና እንደገና ያብሩ። ዝም ካለ አምፕሊፋየሩ ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ያለው በአርሲኤው ገመድ ወይም በቴፑ በኩል ነው። አርሲኤው ከኃይል ገመዱ ጋር በአንድ በኩል ተጠፍሮ ሄዶ ከሆነ ለይተው፣ ኃይሉን በግራ፣ አርሲኤውን በቀኝ በር ሥር ያሳልፉ።

እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የማያየው አንድ ነገር አለ። በአንዳንድ ቴፖች ውስጥ የአርሲኤው ግራውንድ እንደ ፀጉር በቀጠነች ፊውዝ በኩል ያልፋል። ቴፑ እንደበራ አርሲኤ ሲሰካ ወይም ሲነቀል፣ አልያም የአምፕሊፋየሩ ማሳ ሲላቀቅ፣ ያቺ ፊውዝ ትቃጠላለች፤ ከዚያ በኋላ ፉጨቱ በምንም ማጣሪያ አይጠፋም። መመርመሪያው ቀላል ነው፦ አጭር የተላጠ ሽቦ ወስደው አንዱን ጫፍ ከቴፑ ጀርባ የአርሲኤውን የውጭ ብረት፣ ሌላውን የቴፑን የብረት ሣጥን ያስነኩ። ሽቦው በነካበት ቅጽበት ፉጨቱ ጸጥ ካለ በሽታው ተገኝቷል፤ ሽቦውን በስታኞ በይዶ በናስትሮ መሸፈን ይበቃል። የእርስዎ ግራውንድ ላልቶ ከመቆየቱ አንጻር ይህ ሆኖ ባገኘው አይደንቀኝም።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልጠፋ መልቲሜትሩን ወደ ኤሲ ቮልት አዙረው፣ ሞተሩ እየሠራ፣ መብራቱ በርቶ፣ ባትሪው ራሶች ላይ ይለኩ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ የዲናሞው ዳዮድ (ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚለውጠው ክፍል) ተበላሽቷል፤ ያንን ለዲናሞ ሠሪ ይስጡ። በዲሲ ሲለካ ደግሞ ሞተሩ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4፣ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ገደማ መሆን አለበት። ካፓሲተሩን በተመለከተ፣ የራሱ ኃይል የሌለውና ከዚያው ከላላ ግራውንድ የሚጠጣ ዕቃ ነው፤ ገንዘብዎን አያውጡበት። ፉጨት ማጣሪያ ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን ሕመሙን ሸፍኖ ቤዙን ከማሳሳት በቀር የሚሰጠው ነገር ያንሳል።

ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ጌኑን (አምፕሊፋየሩ ከቴፑ የሚመጣውን ድምፅ የሚቀበልበትን መጠን ማስተካከያ) እንደ ድምፅ መጨመሪያ አይቁጠሩት። በቴፑ ላይ ቤዝና ትሬብል ወደ ዜሮ ይመለሱ፤ ድምፁ እስከ ሦስት አራተኛ ይከፈት፤ ከዚያ ጌኑ ከታች ጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመር፤ ድምፁ መሰንጠቅ ሲጀምር ትንሽ መልሰው ይተዉት። ሰብዉፈር በአብዛኛው የሚቃጠለው ጌኑ እስከ ጥግ ተከፍቶ የተሰነጠቀ ድምፅ ሲጋት ነው።

ለባትሪና ለካፓሲተር ያሰቡት ገንዘብ ከተረፈዎት የምመክረው በፊት በሮች ላይ እንዲያውሉት ነው። በትንሽ መኪና በር ላሜራው ስስ ስለሆነ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል፤ ውስጠኛውን ላሜራ በድምፅ ማፈኛ ሉህ ለብጦ፣ ትልልቆቹን ቀዳዳዎች ደፍኖ፣ ባለ 6.5 ኢንች ጥሩ ስፒከር በኤምዲኤፍ (ከታመቀ የእንጨት ብናኝ በተሠራ ሰሌዳ) ቀለበት ላይ ማሰር፣ ሁለተኛ ሰብዉፈር ከመጨመር የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ቀለበቱ በቀለም ወይም በቫርኒሽ ካልተነከረ ውኃ ነክቶት ያብጣል። በመስኮቱ ጎማ በኩል የሚወርደው ዝናብ የሚወጣው በበሩ ግርጌ ባሉት ትንንሽ ቀዳዳዎች ስለሆነ፣ ሉሁን የሚለጥፈው ሰው እነዚያን እንዳይደፍናቸው ቆመው ይዩት፤ ሥራውም ከሰኔ በፊት፣ ላሜራው ደረቅ ሳለ ቢሠራ ሉሁ በደንብ ይያዛል።