ቀላ ያለችው ወፏ ናት ወይስ ምንቃሯ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ነው። በሰኔና በሐምሌ በጀልባ ወደ ፋርን ደሴቶች እየሄድሁ የማያቸውን ወፎች በአማርኛ እመዘግባለሁ። «ጥቁር ጫፍ ያላት ቀላ ያለች ተርን አየሁ» ብዬ ጽፌ ከወር በኋላ ሳነበው የትኛዋ ተርን (ተርን የባሕር ወፍ ናት፤ ዓይነቷ ብዙ ነው) እንደ ነበረች ጠፋኝ። ዐረፍተ ነገሩ ምን ጎደለው? ተርንን ጨረባ ብላትስ ያስኬዳል?

መልስ፦ ሰዋስውዎ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ቀለሙን ለወፏ መስጠትዎ ነው። ተርን አናቷ ጥቁር፣ ሌላው ገላዋ ነጭና አመድማ ነው፤ የሚቀላው ምንቃሯና እግሯ ነው። «ጥቁር ጫፍ ያላት» የሚለውም የክንፏን ይሁን የምንቃሯን ጫፍ አይናገርም።

ለዚህ ችግር ከግእዝ የወረስነው ግሩም ዘዴ አለ። ልበ ሙሉ፣ አፈ ጮሌ፣ እግረ ቀጭን እንደምንል ሁሉ «ምንቃረ ቀይ» ብለው ቢጽፉ ቀለሙ ባለቤቱን አይስትም። ወፍ ብድግ ብላ ሳትጠፋ ለመጻፍም ያጥራል።

«ቀላ ያለ» ደግሞ ወደ ቀይ የሚያደላ እንጂ ቀይ የሆነ ማለት አይደለም፤ እዚህ ልዩነቱ ወፍ ያሳስታል። በመራቢያዋ ወራት የአርክቲክ ተርን ምንቃር እስከ ጫፉ ደም የመሰለ ቀይ ነው። «የተለመደችው ተርን» (common tern) የምትባለው ዓይነት ምንቃር ግን ብርቱካንማ ቀይ ሆኖ ጫፉ ይጠቁራል። ስለዚህ ያዩት ጥቁር ጫፍ የምንቃር ከነበረ ወፍዎ ይህችኛዋ ሳትሆን አትቀርም። «እግረ አጭር» የሚል ቢጨምሩ ኖሮ አርክቲኳን እጠረጥር ነበር፤ ስትቆም ሆዷ መሬት የነካ ይመስላል። ምንቃረ ጥቁር ሆና ጫፉን እርድ የነካው ከመሰለች ደግሞ ሳንድዊች ተርን ናት። መራቢያው ካለፈ በኋላ ምንቃር ስለሚጠቁር በቀለሙ ብቻ አይፍረዱ።

ጨረባ ያሉትን አልነቅፍም። ለእንስሳትና ለዕፀዋት የላቲን ስም ያወጣው ስዊድናዊው ሊቅ ሊኔየስ በ1758 (እ.ኤ.አ.) ለተለመደችው ተርን የሰጣት የላቲን ስም ራሱ ጨረባ ማለት ነው፤ ጀርመኖችና ፈረንሳዮችም የባሕር ጨረባ ይሏታል። መነሻው መንታ ጭራዋ ነው፤ በዘር ግን አይገናኙም። እኔም «የባሕር ጨረባ» ቢሉ እቀበላለሁ። ብቻውን «ጨረባ» ካሉ ግን አንባቢ የሚያስበው ከጣሪያችን ሥር በጭቃ ጎጆ የምትሠራዋን ነው።

ደግሞስ ባርኔጣ ሳያደርግ በአርክቲክ ተርኖች ጎጆ መካከል ያለፈና አናቱን የተጠቀጠቀ ሰው፣ ያን ጩኸትና ትርምስ ከ«የጨረባ ተዝካር» ሌላ ምን ሊለው ነው?