ሽሮው ይነፋል፣ ጥብሱ ይከብዳል፦ ጨጓራ የቱን ነው መፍጨት ያቃተው?

በጻፉት መሠረት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚገኘው መሥሪያ ቤትዎ ወጥተው ምሳ ሽሮ ሲበሉ አመሻሽ ላይ ሆድዎ ይነፋል፤ ጥብስ ሲበሉ ደግሞ ሳይነፋዎ እስከ ማታ ይከብድዎታል፤ በዚህም ምክንያት ኦሜፕራዞል የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት ከፋርማሲ ገዝተው መዋጥ ጀምረዋል፤ «ጨጓራዬ የቱን ነው መፍጨት ያቃተው?» ሲሉም ጠይቀዋል። አራት ኪሎ አካባቢ ባለ ክሊኒክ በኢንዶስኮፒ (በአፍ በሚገባ ቀጭን ካሜራ ጨጓራን የማየት ምርመራ) ክፍል በነርስነት ስለምሠራ ይህን ጥያቄ ከታካሚዎች አዘውትሬ እሰማለሁ። ሁለቱ ስሜቶች የሚመጡት ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች ሲሆን፣ በሽሮው ነገር ጨጓራዎ ጥፋት ያለበት አይመስለኝም።

እኛ ዘንድ ከእምብርት በላይ የሚሰማ ማንኛውም ሕመም «ጨጓራ» ስለሚባል፣ ምግብ ተፈጭቶ የሚያልቀውም እዚያው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እንጀራው ግን ገና አፍ ውስጥ እያለ በምራቅ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ስታርቹን መሰባበር ይጀምራል። የጨጓራ ድርሻ በአሲድና ፔፕሲን በተባለው ኢንዛይም ፕሮቲንን መቆራረጥ፣ የተዋጠውን እያሸ ማላላት፣ ከዚያም ጥቂት በጥቂት ወደ ትንሹ አንጀት ማሳለፍ ነው። በካሜራው ስንመለከት ግድግዳው በደቂቃ ሦስት ጊዜ ያህል እየተኮማተረ ወደ ታች ይገፋል፤ ግፊቱ መውጫው ጋ ሲደርስ በሩ ጥብቅ ብሎ ይዘጋል፣ ቆየት ብሎም መልሶ ይላላል።

ቅባት የበዛበት ምግብ ትንሹ አንጀት መግቢያ ላይ ሲደርስ፣ ከአንጀቱ ግድግዳ ኮሌሲስቶካይኒን የተባለ ሆርሞን ይለቀቃል። ይህ ሆርሞን የሐሞት ከረጢት ተኮማትሮ ሐሞቱን እንዲያፈስ ያደርጋል፤ ጨጓራ ደግሞ የቀረውን ቀስ ብሎ እንዲልክ ይገታዋል። ስለዚህ መጠነኛ ምሳ ከሁለት እስከ አራት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከጨጓራ ሲወጣ፣ በቅቤ የራሰ ጥብስ ከዚያ በላይ ሊቆይ ይችላል። እኩለ ሌሊት ላይ ጥብስ በልተው በማለዳ «ምንም አልቀመስኩም» እያሉ የሚመጡ ታካሚዎች አሉ፤ ካሜራው ሲገባ በቅጡ ያልታኘከው ሥጋ ከነቅርጹ ተቀምጦ ይገኛል፣ ቀጠሮውም ለሌላ ቀን ይተላለፋል። ነገሩ የታወቀው ዛሬ አይደለም። ዊልያም ቦሞንት የተባለ አሜሪካዊ የጦር ሐኪም በጥይት ቆስሎ ጨጓራው ወደ ውጭ ክፍት ሆኖ በቀረ ሰው ላይ ምግብ በሐር ክር እያሰረ በማስገባት ለዓመታት ተከታትሎ፣ ያየውን በ1833 እ.ኤ.አ. አሳትሟል፤ ቅባት ለመፈጨት እንደሚያስቸግርም ያን ጊዜ ጽፎታል።

ዋናው ሥራ የሚከናወነው ስድስት ሜትር ያህል በሚረዝመው ትንሹ አንጀት ነው። ቆሽት አሲዱን የሚያለዝብ ፈሳሽና ስታርችን፣ ፕሮቲንን፣ ስብን የሚቆራርጡ ኢንዛይሞችን ይልካል፤ ከጉበት የሚመነጨው ሐሞትም ስቡን በጥቃቅን ነጠብጣቦች ይበትነዋል። የአንጀቱ ውስጠኛ ገጽ በካሜራ ሲታይ ከፋይ ጨርቅ ይመስላል፤ ያ ለስላሳ ጸጉር መሰል ነገር ንጥረ ምግቡ ወደ ሰውነት የሚገባበት ነው።

ሽሮው ግን በዚህ ሁሉ አልፎም ሙሉ በሙሉ አያልቅም። በሽምብራ፣ በአተርና በባቄላ ውስጥ ራፊኖዝና ስታኪዮዝ የሚባሉ የስኳር ዓይነቶች አሉ፤ እነዚህን የሚቆርጥ ኢንዛይም የማንኛችንም አንጀት አያመነጭም። ስለዚህ እንዳሉ ትልቁ አንጀት ይደርሳሉ፣ እዚያ የሚኖሩት ባክቴሪያዎችም ሲያብላሏቸው ሃይድሮጂንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ በአንዳንድ ሰው ደግሞ ሚቴን ይወጣል። ሰባት ሰዓት ላይ የተበላ ሽሮ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚያስጨንቀው ምግቡ እዚያ እስኪደርስ ሰዓታት ስለሚወስድበት ነው። በእኔ ግምት ሽሮው ብቻውን ሊወቀስ አይገባም፤ አብረውት የሚቁላሉት ቀይና ነጭ ሽንኩርትም ፍሩክታን የሚባል ልክ እንደዚሁ የሚብላላ ንጥረ ነገር አላቸው። ለጥቂት ቀን ሽንኩርቱ የተቀነሰ ሽሮ ቤትዎ አሠርተው ልዩነቱን ይመልከቱ። ሽሮ የሚዘጋጀው ቤትዎ ከሆነ፣ ጥራጥሬው ከመቆላቱና ከመፈጨቱ በፊት ተዘፍዝፎ ውኃው ቢደፋ ከእነዚያ ስኳሮች የተወሰነው አብሮ ይሄዳል። ጨርሶ መተው ግን አልመክርም፤ ባክቴሪያዎቹ ከዚሁ የሚያመርቷቸው የስብ አሲዶች የትልቁን አንጀት ግድግዳ ይመግባሉ።

ኦሜፕራዞልን በተመለከተ፣ መድኃኒቱ የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል እንጂ ትልቁ አንጀት ውስጥ ለሚፈጠር ጋዝ አያገለግልም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ጨጓራን የሚያቆስለውን የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ባክቴሪያ ምርመራ ማሳሳቱ ነው፤ ባክቴሪያው እያለ የሰገራ ምርመራው «የለም» ሊል ይችላል። ስለዚህ ለመመርመር ካሰቡ ሐኪም አማክረው ኦሜፕራዞሉን ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ አንቲባዮቲክ ወስደው ከሆነም አራት ሳምንት አቋርጠው ይሂዱ። ክብደትዎ ያለምክንያት ከቀነሰ፣ ምግብ ሲውጡ የሚይዝዎት ከሆነ፣ ወይም ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ግን ሁለት ሳምንቱን ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።