ለሚጮህ የሊፍት ቺንጋ፦ ግራሶ አትንካው

አይ፣ አትቀባው። ጠፍጣፋው ጥቁር ቺንጋ ስለሚጮህ ግራሶ ልቀባው ወይ ብለሃል። ቺንጋው ካቢኑን የሚያነሳው ፑሊውን (ሞተሩ የሚያዞረውን መንኮራኩር) አጥብቆ በመያዝ ነው። ከተቀባ ይንሸራተታል።

የድሮው የብረት ገመድ የሚቀባው ሽቦዎቹ እርስ በርስ ስለሚፋተጉ ነው። ያንተ ግን ውስጡ ያለው ቀጭን የብረት ገመድ ወይም የካርቦን ክር በፕላስቲክ ታሽጓል። የሊፍት አምራቹ ኮኔ በ2013 እ.ኤ.አ. ያወጣው አልትራሮፕ የተባለው የካርቦን ቺንጋ እንኳ፣ ካቢን እስከ 1,000 ሜትር እንዲያወጣ የተሠራው፣ ቅባት አይፈልግም።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. ሊፍቱን አቁም።
2. ባለሙያ ጠርተህ ቺንጋው ፑሊው መሃል ላይ መሄዱን አስፈትሽ። ብዙ ጊዜ የሚጮኸው ወደ ጎን ሲሸሽ ነው።
3. የውስጡ ገመድ የብረት ከሆነ በኤሌክትሪክ ይለካልህ። ላዩ ደህና ሆኖ ውስጡ ሊበጠስ ይችላል፤ በዓይን አይታይም።

አንድ ሕንፃ ላይ ጥበቃው በቅንነት የሞተር ዘይት ቀባው። በማግስቱ ካቢኑ ከወለሉ አንድ ስንዝር ዝቅ ብሎ ቆመ፤ አንዲት እናት ሲወጡ እግራቸው ተይዞ ወደቁ። ዘይቱን ለመጥረግ ብንሞክርም አልሆነም፣ ቺንጋዎቹ በሙሉ ተቀየሩ። ያንተንም ማንም ገብቶ እንዳይቀባው፣ የሞተር ክፍሉን ቁልፍ ማን እንደያዘ ዛሬውኑ አጣራ።