«ጥበብ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጅማ የምማር የሶሲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። «ሶሲዮሎጂ ሳይንስም ጥበብም ነው» የሚል ሐሳብ ተነሥቶ ከጓደኞቼ ጋር ብዙ ተከራከርን። በአማርኛ ሳይንስንና ጥበብን የምንለየው እንዴት ነው? ሶሲዮሎጂን «ሥነ ማኅበረሰብ» ብለውስ? በየትኛው «ሰ» ይጻፋል?

መልስ፦ እህቴ፣ ክርክራችሁ ውስጥ ቃሉም ራሱ እጁ አለበት። «ጥበብ» በአማርኛ አንድ ቦታ አይቀመጥም።

በግእዝ ጥበብ ዕውቀትና ማስተዋል ነው። «ጥበበ ሰሎሞን» የምንለው ለዚህ ነው። ዛሬ ግን «የጥበብ ሰው» ሲባል ቶሎ የሚታየን ሠዓሊ፣ ዘፋኝ ወይም ተዋናይ ነው። የሐበሻ ቀሚስ ጠርዝ ላይ የሚሸመነውም ጥበብ ይባላል።

ከዚሁ ሥር የወጣ፣ እኔን ሁልጊዜ የሚያመኝ ቃል አለ። በግእዝ «ጠቢብ» ዐዋቂ ማለት ነው። አማርኛ ላይ ድምፁ ሳስቶ «ጠይብ» ሆነ፤ ብረት ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ተጠሩበት። ከዚያ ስድብ ሆነ። ገበሬው ማረሻውን ከቀጥቃጩ እየገዛ «ቡዳ ነው» አለው፤ ልጁን አልዳረለትም። ዐዋቂና የተናቀ ሰው በአንድ ቃል ተጠሩ። መጽሐፍ የያዘው ከበረ፣ መዶሻ የያዘው ተዋረደ። ሶሲዮሎጂ የምታጠኚ ከሆነ ይህን ቃል በቀላሉ አትለፊው፤ የማኅበረሰቡ አጥር እዚያ ውስጥ ቆሟል።

እዚያው ጅማ በርጩማ የሚሠራውን ሰው ተመልከቺ። ሦስት እግር ያለውን በርጩማ ከአንድ እንጨት ፈልፍሎ ያወጣል። የቱ እንጨት እንደሚሰነጠቅ፣ የሚቀመጠው ሰው ክብደት የት ላይ እንደሚያርፍ ያውቃል። ሲጨርሰው ደግሞ ያምራል። ይህን በሳይንስና በጥበብ መሀል ክፈይ ብትባዪ መስመሩን የት ታሰምሪያለሽ? ኦሮምኛ «ኦጉማ» ይለዋል፤ ችሎታም ሙያም ነው። ባለ ኦጉማው «ኦጌሳ» ነው። አማርኛ አጥንት የሚጠግነውን «ወጌሻ» ያለው ከዚሁ ወስዶ ነው። የራሳችንም «ሙያ» አለ፦ ሐኪሟም ባለሙያ ናት፣ ወጥ አሳምራ የምትሠራዋም ባለሙያ ናት። ይህን ቃል በጣም እወደዋለሁ።

የቃል ጣጣ ሌላም አገር አለ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት ይህን ትምህርት መጀመሪያ «ማኅበራዊ ፊዚክስ» ብሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ነው ላቲንና ግሪክ አገጣጥሞ «ሶሲዮሎጂ» ያለው። ጀርመንኛ ደግሞ ሳይንስን «ቪሰንሻፍት» ሲል ፊዚክስንም ታሪክንም አንድ ላይ ይጠራል። ጀርመናዊው የሶሲዮሎጂ ሊቅ ማክስ ቬበር የሚጽፈው በዚህ ቃል ነው። የእንግሊዝኛው «ሳይንስ» ግን ጠቦ ወደ ተፈጥሮ ሳይንስ አዘንብሏል። እንግዲህ ቬበርን በእንግሊዝኛ አንብበሽ በአማርኛ ስትከራከሪ ቃሉ ሁለት ጊዜ ልብሱን ቀይሯል። ክርክር ከመጀመራችሁ በፊት «ሳይንስ ስትል ምን ማለትህ ነው?» መባባል ነበረባችሁ።

ለጽሑፍሽ እንዲህ እመክርሻለሁ። ሳይንስን ሳይንስ በዪው፤ ቃሉ ተለምዷል። ወደ «ጥበብ» ከተረጎምሽው አንባቢው ሙዚቃና ቲያትር ያስባል። ሙዚቃን፣ ቲያትርንና የመሳሰሉትን በጅምላ ስትጠሪ «ኪነ ጥበብ» በዪ፤ ሥዕልና ቅርጻ ቅርጽ ከሆነ «ሥነ ጥበብ»፣ የእጅ ሥራ ከሆነ «እደ ጥበብ»። «ሶሲዮሎጂ ጥበብም ነው» ለማለት ከፈለግሽ ግን የትኛውን ጥበብ እንደሆነ አብረሽ ግለጪ። ሰውን በማስተዋል ማንበብ ማለትሽ ከሆነ የግእዙ ትርጉም ይደግፍሻል፤ እኔም ካንቺ ጋር ነኝ።

«ሥነ ማኅበረሰብ» ጥሩ ነው። «ሥን» በግእዝ ውበት ነው፤ «ሠነየ» (አማረ) ከሚለው የመጣ። ባዮሎጂን «ሥነ ሕይወት»፣ ግጥምና ልቦለድን «ሥነ ጽሑፍ» ብለናል። ሳይንሱም ኪነ ጥበቡም በአንድ የውበት ቃል ተጠርተዋል። ስለዚህ በንጉሡ «ሠ» ጻፊው። ጋዜጦች በእሳቱ «ሰ» ሲጽፉት ብታዪ አትደንግጪ፤ ዛሬ ሁለቱም ይነበባሉ።